የስንብቷ ሩዝ

አንዲት ሴት ነበረች። የቤት እናት ይሏት ነበር፤ የወለደችው ግን አልነበራትም።

አትነሺ ፈትለ፣ ተቀመጪ። «ልጄ ስንዱ ‹ሬሳዬም እዚህ ቤት አይመለስም› ብላ በገዛ አፏ ምላ ወጥታ፣ አሁን ሽማግሌ ብትልክብኝ በምን አንጀቴ ላስገባት?» ብለሽ አይደል እኔን እናትሽን የጠየቅሽኝ? መልሱን እኮ እየነገርኩሽ ነው። ሽማግሌው እንደሆነ ደጅ ጥላው ሥር ተቀምጧል፤ ጠላውን ይጠጣ። የኔ ወሬ ከጠላው በፊት ያልቃል።

ሴትዮዋ የጃፓን አገር ሰው ናት። ዓይንሽን አታፍጥጪብኝ! ለጃፓኑ ሐኪም ቤተሰብ ልብስ ሳጥብ በነበረበት ጊዜ ሚስትየው ናት ያወራችልኝ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጇ። በአገራቸው ጌሻ የሚሏቸው ሴቶች አሉ አለችኝ። ጌሻ ስልሽ ከፋ ያለው ጌሻ እንዳይመስልሽ፤ የሙያ ስም ነው። ባለ ሦስት ጅማት ክራር ይመታሉ፣ ያዜማሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ለእንግዳ መጠጥ ይቀዳሉ፣ ጨዋታ ያውቃሉ። ሆዱ የከበደው ሰው ገብቶ ቀሎት ይወጣል። አዝማሪ በያቸው ብትፈልጊ። እንግዲህ ይህችኛዪቱ በወጣትነቷ ስሟ የተጠራ ጌሻ ነበረች፤ ሱዙካ ይሏት ነበር። ድምጿ ሲያረጅ ቤት ከፈተችና ልጆች እያሳደገች ሙያውን ታስተምር ጀመር። ልጆቹም «እናታችን» ይሏታል። የቤቱ እናት ማለት ይኸው ነው።

አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አመጡላት። አባት እናቷን ወረርሽኝ ጨርሷቸዋል። ልጅቱ ስትገባ አላለቀሰችም፤ ቆማ ክራሩን አየችው። የቤቱ እናት ይህን ወደደችላት። በወጋቸው ታላቂቱ ከስሟ ቆርሳ ለታናሺቱ ትሰጣለች፤ እሷም ከሱዙካ ቆርሳ «ሱዙኖ» አለቻት። ለሌሎቹ ልጆች ከስሟ ቆርሳ አታውቅም ነበር።

መውደዷን ግን በአፏ ነግራት አታውቅም። እንዲህ ያለች ሴት ታውቂ የለ? ታውቂያለሽ እንጂ።

እነዚያ ሴቶች ፀጉራቸው አንዴ ከተሠራ ሳምንት ይቆያል፤ እንዳይፈርስ የሚተኙት አንገት ብቻ በሚያስደግፍ የእንጨት ትራስ ነው። ጀማሪዋ ከትራሱ እንዳትንሸራተት ደግሞ መሬቱ ላይ የሩዝ እብቅ ይነሰንሱላታል። ጧት እብቅ ፀጉሯ ላይ የተገኘባት ተንሸራታለችና ትቀጣለች። የቤቱ እናት ታዲያ ከሁሉ ቀድማ ትነሣና፣ የተኛችውን ልጅ ፀጉር እፍ እፍ ብላ እብቁን አራግፋላት ትወጣለች። ኋላ ሰው ሁሉ ፊት ትጮህባታለች።

«አንቺ! ዶሮ ነሽ እንዴ እብቅ ውስጥ የምትንከባለዪው?»

በክረምቱ ብርድ ጎህ ሲቀድ ወንዝ ዳር ቆመው ድምፅ እስኪሰነጠቅ ማዜም ነበረባቸው። ልጅቱ ተንቀጥቅጣ ስትመለስ ደፍ ላይ ትኩስ የዝንጅብል ውኃ ታገኛለች። «ማን አስቀመጠልኝ?» ብትል የቤቱ እናት «እኔ እንጃ» ትላለች።

አሁን የሩዙን ወግ ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ የታሰረው እዚያ ላይ ነው። ከእነሱ አንዷ ባል ይዛ ከሙያው ስትወጣ፣ ላሳደጋት ቤት የስንብት ሩዝ በክዳን ሣጥን ትልካለች። ሩዙ ነጭ ብቻ ከሆነ «ለዘላለም ሄጃለሁ፣ አትጠብቁኝ» ማለቷ ነው። ቀይ አደንጓሬ ከተቀላቀለበት «ምን ይታወቃል፣ ልመለስም እችላለሁ» ማለቷ ነው። የተላከውንም የዚያኑ ዕለት የቤቱ እናት ትቀምሳለች፣ ከዚያ ሁሉም ይበላል። ብዙዎቹ ባላቸውን ቢወዱም እፍኝ አደንጓሬ ጣል ያደርጉበታል። ነገን ማን ያውቃል ብለው ነው።

ሱዙኖ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆናት ከሌላ ከተማ የመጣ የሐር ነጋዴ አያትና አገባሻለሁ አላት። እሷም ወደደችው። የቤቱ እናት ሰውዬውን አልወደደችውም። ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነው የሚስቅ ትል ነበር። ልጅቱን ለብቻዋ ጠርታ «ልጄ፣ ፈርቼልሻለሁ፤ ቤቱ ያላንቺ ይጨንቀኛል» ብትላት ምን ነበረበት? አላለቻትም። ልጅቱ ልብሷን ስታጥፍ፣ ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ሳለ፣

«ሱዙኖ፣ ቀይ አደንጓሬውን አብዝተሽ ጨምሪበት እንጂ፤ ሦስት ወር ሳይሞላሽ ንፍጥሽን እየጠረግሽ ስለምትመጪ!» አለቻት።

ሴቶቹ ሳቁ። የልጅቱ ጆሮ ቀላ።

«እናቴ፣ ከእኔ የሚመጣልዎ ሩዝ እንደ በረዶ ነጭ ነው» አለች።

«እናያለን!»

«ያያሉ!»

በሳምንቱ ሣጥኑ መጣ። ሴቶቹ የመብያ እንጨታቸውን ይዘው ዙሪያውን ተቀመጡ። የቤቱ እናት ክዳኑን አነሣችው። ነጭ ነው፤ አንዲት ቀይ ነጥብ የለችበትም። ወጉ ቅመሺ ይላታል፤ እጇ ግን እምቢ አለ። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና «እኔ ጠግቤያለሁ» አለች። እሷ ካልቀመሰች ማን ይበላል? በጨርቁ ጠፍራ አሠረችው፤ ከሁሉ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። «ማንም እንዳይነካብኝ!» አለች።

ሦስት ዓመት እዚያው ተቀመጠ። መደርደሪያው ሲጠረግ እሱን ዞረው ይጠርጋሉ።

በሦስተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያው አመዳይ የወረደ ዕለት ጧት፣ የቤቱን ሴቶች ፀጉር የምትሠራው አሮጊት በር አንኳኩታ ገባች። የዚያን ዕለት ግን ማበጠሪያዋን አልያዘችም፤ በጨርቅ የታሠረ ሣጥን ነው የያዘች። ከቤቱ እናት ጉልበት ፊት አስቀመጠችው። ሲከፈት እንፋሎት ወጣ። ቀይ ሩዝ ነው፤ አደንጓሬው ሩዙን አቅልሞት እንደ ጽጌረዳ አድርጎታል።

«ማን ላከው?» አለች የቤቱ እናት።

«እያወቅሽው አትጠይቂኝ። ድልድዩ ጋ ቆማለች። ያ ሰው ሌላ አገባና አስወጣት። ይህንንም እኔ ምድጃ ላይ አሁን ነው ያበሰለችው።»

የቤቱ እናት መዳፏን ከሣጥኑ ሥር አደረገች። ይሞቃል። ድልድዩ ደግሞ ከቤቱ መቶ እርምጃ አይሞላም። እግሯ ሊነሣ ፈልጎ ነበር፤ ልቧ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ግን ሴቶቹ ሁሉ ያይዋታል። ያ «እናያለን» ያለችው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ነው። ያ ነጭ ሩዝ ዛሬም ያቃጥላታል።

«ነጭ ልካለች» አለች። «የስንብት ሩዝ የሚላከው አንድ ጊዜ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሩዝ እኮ ነው!» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ሩዝ አይደለም፤ ቃል ነው። እንዲያውም የድሮውንም አውርዱና ጨምሩላት። ሁለቱንም ይዛ ትሂድ።»

አወረዱት። አሮጊቷ ሁለቱን ሣጥን አቅፋ፣ እያጉረመረመች ወጣች።

ሰሚ እንዳይሰማ፣ የቤቱ እናት ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ሴቶቹን ወደ ሥራቸው በተነቻቸውና ወደ ጓሮ በር ሄደች። በሩ እንዳይቆለፍ መቀርቀሪያውን ቀስ አድርጋ ሳበችው። ሱዙኖ ልጅ ሳለች የዝንጅብል ውኃ ታስቀምጥላት የነበረው ደፍ ላይ ተቀመጠች። «ራሷ መጥታ ካንኳኳች እከፍትላታለሁ፤ እሷ ትምጣ እንጂ» እያለች ጠበቀች። ልጅቱ መቀርቀሪያው መሳቡን በምን ታውቃለች? ይህን አላሰበችም።

የመጣችው ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ናት፤ ቀዩን ሩዝ መልሳ ይዛ።

«የታለች?»

«ሄደች።»

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ የድሮውን ከፈተችው» አለች አሮጊቷ። «ሩዙ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አገላብጣ አየችው፣ አየችውና ከድልድዩ እንጨት ጋር መታችው። ለሁለት ሲከፈል ከሆዱ ሦስት ቀይ አደንጓሬዎች ወደቁ። ነጩን ሩዝ እንዳያቀልሙት ብላ ሳይበስሉ፣ ጥሬያቸውን ከመካከሉ ቀብራቸው ኖሯል።»

አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ ብትቀምስ ኖሮ፣ ወደ ውስጥ ብትዘልቅ ኖሮ፣ ጥርሷ ያገኛቸው ነበር!

«ከዚያስ? ምንም አላለችም?»

«‹እናቴ አልበላችውም እንዴ?› አለች። ቀዩን ሩዝ ለእኔ ሰጠችኝና ወደ ባቡር ጣቢያ ሄደች።»

አየሽ፣ አሥራ አራት ዓመት «እርስዎ» ስትላት የኖረችውን ሴት፣ ያን ጊዜ አንቱታው ጠፋትና እንደ ወለደች እናቷ «አልበላችውም» አለች።

የቤቱ እናት ጫማ ሳታደርግ ወጣች። ድልድዩ ላይ ተንበርክካ ሳንቃውን በጣቷ ስትፈልግ ሁለት አደንጓሬ አገኘች፤ ሦስተኛው ወንዝ ገብቷል። ባቡር ጣቢያው ስትደርስ ጭሱ ብቻ ቀርቷል። ሰው ላከች፣ አስጠየቀች፤ ወደ ሰሜን ሄዳለች ያሉ ነበሩ፣ ሞታለችም ያሉ ነበሩ። የተጨበጠ ወሬ ያመጣላት የለም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረች። የጓሮውን በር መቀርቀር ከለከለች። ሁለት ጊዜ ሌባ ገብቶ ልብስ ወሰደ፤ ሴቶቹ «ኧረ እንዝጋው» ሲሏት፣ «ተዉት» ትላለች። ስትሞት እነዚያ ሁለት አደንጓሬዎች መቀነቷ ውስጥ ተገኙ። ሴቶቹ መድኃኒት መስሏቸው ጣሏቸው።

ይኸው ነው ወሬዬ። እንግዲህ ፈትለ፣ ያቺ የቤት እናት አንቺ ነሽ።

«እማዬ፣ ስንዱ የላከችልኝ ነጭ ነው እኮ! ጎረቤት ሁሉ ሲሰማ ነው የማለችው!» ልትዪኝ ነው። አውቃለሁ። ግን ነጭ ያደረገው ማን ነው? ያን ቀን እኔም እዚህ መደብ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። «ሂጂ! ነገ ጅራትሽን ቆልፈሽ በሬን ስትቧጭሪ አይሻለሁ!» ያልሻት አንቺ ነሽ። እሷ የማለችው ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ከጎረቤት ጋር ስትጣዪላት፣ በሽታዋን ስታስታምሚላት፣ ጫማዋን ደብቀሽ ስታሰፊላት የኖርሽ ሴት፣ አንድ ቀን «አትሂጂብኝ» ብለሻት ታውቂያለሽ? አታውቂም።

ደግሞ አልጋዋ ሥር ያለውን ሣጥኗን አይተሽዋል? ሦስት ዓመት ዙሪያውን ትጠርጊያለሽ፤ እኔ አይሻለሁ። ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሥራ ነው የሄደችው። ሞኝ፣ ለማትመለስበት ቤት ቁልፍ ይዞ የሚሄድ ማን ነው? ቃሏን ሰምተሽ ቁልፏን አላየሽም። ነጩን አይተሽ ከላይ ቀረሽ፤ አልቀመስሽውም።

አሁን ተነሽ። ሽማግሌው ዋንጫውን ሲያስቀምጥ ሰምቻለሁ፤ በትሩን አንሥቶ ሊሄድ ነው። እሱ ከበራፍ ሳይርቅ በሆድሽ የያዝሽውን በአፍሽ አውጥተሽ ንገሪው፤ በአፍሽ ነው ያልኩሽ፣ በሆድሽ አይደለም። እሱ ከሄደ በኋላ መቀርቀሪያ ብትስቢ የሚገባልሽ ሌባ ብቻ ነው።