አያ ድንበሩና የተከሰሰው ትምህርት ቤት

አያ ድንበሩን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ አውቀዋለሁ የሚል ግን ሞልቷል። አንዱ ቁመተ ረጅም ነበር ይላል፣ ሌላው ድንክ ነበር ብሎ ይምላል። እኔ የምነግራችሁ አባቴ እንደ ነገረኝ ነው፤ አባቴ ደግሞ ሲያወራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር አያ ድንበሩ የጉልት አምባ ነገረ ፈጅ እንደ ነበረ፣ የሰው ሙግት እየተሟገተ እንደሚኖር፣ ምላሱን የሚፈራ ባለ ማዕረግ ሁሉ ከሩቅ እጅ እንደሚነሳው ነው። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው፤ ስሟ አመለወርቅ ነው። በከተማው የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ትማር ነበር።

፩

ትምህርት ቤቱ የነበረበት የድንጋይ ቤት ቀድሞ የፊታውራሪ ቢተው የበቅሎ ጋጣ ነበር። ፊታውራሪ በተሾሙ ሰሞን ደስ ብሏቸው ለመንግሥት ሰጡት፤ ደስታው ሲያልፍ ቆጫቸው። አንድ ቀን ከጠቅላይ ግዛቱ ትእዛዝ መጣ። የአገሩ ሽማግሌዎች ትምህርት ቤቱ ይረባ አይረባ እንደ ሆነ አይተው ይፍረዱ፤ ኢንስፔክተር መጥቶ ፍርዱን ይመርምር፤ የማይረባ ከሆነ ይዘጋና ቤቱ ለቀድሞ ባለቤቱ ይመለስ ይላል። የጉልት አምባ ሰው በሬ መርምሮ ያውቃል፣ ጠላ ቀምሶ ያውቃል፤ በትምህርት ቤት ላይ ግን ፈርዶ አያውቅም። ስለዚህ ብዙ ተማከሩና የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ፊታውራሪ ቢተው ይሁኑ አሉ። አያ ድንበሩ ብቻውን ሲስቅ ያዩት የወረዳው ዳኛ፣ «ምን ያስቅሃል? ፊታውራሪ ለዚህ ምን ይጎድላቸዋል?» ቢሉት፣

«ኧረ ምንም! ጭዱን ከወዲሁ አስጭነዋል፤ የቀራቸው ልጆቹን ማስወጣት ብቻ ነው።»

፪

የአያ ድንበሩ ሚስት ወይዘሮ እልፍነሽ ቆራጥ ሴት ነበሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ሌላ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚገኘው ከበረሃው ወዲያ ነው፤ ሴት ልጅ ደግሞ ብቻዋን በረሃ አትሻገርም። ስለዚህ፣ «ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ዕለት አመለወርቅን እድራታለሁ» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ልጅቱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ለጠቅላይ ገዥ መልስ የማያጣው አያ ድንበሩ ለልጁ ልቅሶ መልስ አጣ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እኔም ሳወራው ዝቅ ይልብኛል።

ወሬው እንደ ተሰማ አማላጆች መጡ። አግብተው የተቀመጡ ብዙ ወንድሞች ያሉት ጎረምሳ ልኳቸው ነው። ጠላ ቀረበላቸው፤ ጠጡና፣ «ለመሆኑ ልጅቱ ምን ሙያ አላት?» አሉ። አያ ድንበሩ «ሒሳብ ታውቃለች፤ ማካፈል ተምራለች» አለ። «ማካፈል ለትዳር ምን ይሠራል?» ብለው ሳቁበት።

«ይሠራል እንጂ! የልጃችሁን አባት መሬት ለወንድሞቹ ሁሉ አካፍላ አይታው ነበር፤ ለእሱ የደረሰው አንድ ዶሮ ዞር ብላ አትጭርበትም።»

አማላጆቹ ሁለተኛ አልጠየቁም፤ ጠላውን ግን ጨርሰውት ነው የሄዱት።

፫

ፊታውራሪ ቢተው ትምህርት ቤቱን ሊመረምሩ ሄዱ። በዕድሜያቸው ብዙ የመረመሩት በቅሎ ነውና ሰባተኛ ክፍል ገብተው ልጆቹን አሰለፉ፤ «አፋችሁን ክፈቱ» አሉ። የአንዱን ጥርስ ያያሉ፣ የሌላውን ድድ ይጫናሉ፣ አንዱን ደግሞ ሰኮናውን ሊያዩ እግርህን አንሣ ይሉታል። የትምህርት ቤቱ ሹም መምህር ልሣነወርቅ ፈርተው ጥግ ያዙ። በመጨረሻ ፊታውራሪ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና፣ «ከነዚህ ውስጥ የሚረባ አላየሁም» አሉ። ደጅ ቆሞ ያይ የነበረው አያ ድንበሩ፣

«ጌታዬ፣ አፋቸውን ካስከፈቷቸው አይቀር አንድ ቃል እንዲናገሩ ቢፈቅዱላቸውስ?»

፬

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባላምባራስ አየናቸው ነበሩ። ሀብታቸው ብዙ ነው፤ ንፍገታቸው ግን ይበልጣል። እንግዳ ሲመጣባቸው ውሻው እንዳይጮኽ ይቆጡታል አሉ፤ ጮኾ ሲደክመው ይርበዋል ብለው። እሳቸው ትምህርት ቤቱን የመዘኑት በሚበላው ነገር ነው። አንድ ጊዜ አንድ ካርቶን ጠመኔ ሰጥተው ነበርና «ጠመኔዬ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። አለቀ አሏቸው። «ጠመኔ የሚጨርስ ትምህርት ቤት ምኑ ይረባል! በሉ ከእንግዲህ በጣታችሁ አየር ላይ ጻፉ» ብለው አዘዙ። መምህራኑ ምን ያድርጉ፤ በአየር ላይ መጻፍ ጀመሩ። ልጆቹም በአየር ላይ ገለበጡ። አንድ መምህር የተሳሳተውን በክንዱ ጠረገ፤ ልጆቹ «ሳንጨርስ ጠፋብን» ብለው ጮኹ አሉ።

በዚያው ሳምንት ባላምባራስ ዝክር አበሉና ሲያልቅ አያ ድንበሩን «በል መርቀን» አሉት። አያ ድንበሩ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለም። ሕዝቡ አሜን ለማለት ቢጠብቅ ቢጠብቅ ምንም አልሰማ አለ። ባላምባራስ ተቆጥተው «ምን ሆነሃል? ድምፅህን አውጣው እንጂ!» ቢሉት፣

«ጠመኔው እስኪመጣ ነው ጌታዬ፤ ምርቃቱን አየር ላይ ጽፌልዎታለሁ፤ ያንብቡት።»

፭

የፍርዱ ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ ችሎት ተዘረጋ። የወረዳው ዳኛ ሥርዓት አክባሪ ሰው ናቸው። በእሳቸው ችሎት ሥርዓቱ ከተጠበቀ እውነቱ ቢቀርም አይከፋቸውም። ተነሥተው፣ «ተከሳሽ ትምህርት ቤት ቆሞ ይመልስ!» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ዞረ። ቤቱ ዝም አለ። ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ችሎት ፊት ተቀምጦ መስማት ድፍረት ነው፤ ቆሞ ይመልስ ብያለሁ!» ሲሉ አያ ድንበሩ፣

«ጌታዬ፣ እሱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ቆሞ ነው ያለው፤ ይልቅ አረፍ በል ይበሉት።»

ዳኛው «መልካም፣ ይረፍ» አሉና ቀጠሉ። «ከሳሽ ማን ነው?» አሉ። ፊታውራሪ ቢተው «እኔ ነኝ» አሉ። «ፈራጅስ?» አሉ። ፊታውራሪ አሁንም «እኔ ነኝ» አሉ። ዳኛው ይህ ከሥርዓቱ ጋር ይሂድ አይሂድ ትንሽ ሲያስቡ፣ አያ ድንበሩ ከኋላ፣

«ምስክሩም እሳቸው ይሁኑና እኛ ወደ እርሻችን እንሂድ፤ አረሙ በዛብን።»

ሰዉ ቢስቅም ቢጮኽም ምን ሊሆን፤ ፊታውራሪ «ትምህርት ቤቱ አይረባም» ብለው ፈረዱ። ባላምባራስ አየናቸው «እኔም እንዲሁ» አሉ። አመለወርቅ ከልጆቹ መካከል ቆማ አባቷን አየችው። አያ ድንበሩ «ይግባኝ!» አለ።

፮

ይግባኙን የሚሰማው ኢንስፔክተሩ ነው፤ እሱ እስኪመጣ መጠበቅ ሊሆን ነው። አያ ድንበሩ እዚህ ላይ አንድ የድሮ ሥርዓት አነሣ። በአባቶች ሕግ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይውላሉ፤ አንዱ እንዳያመልጥ ነው፤ ቁራኛ ይሉታል። አያ ድንበሩ «ይቆራኙልኝ» አለ። ዳኛው የድሮ ሥርዓት የሚያስታውስ ሰው በማግኘታቸው እንባቸው መጣ። «እውነት ነው፤ ይቆራኙ!» አሉ። ፊታውራሪ ቢተውም አሰቡበት፤ ቤቴን ከቅርብ ሆኜ ብጠብቅ ምን ይጎዳኛል ብለው እሺ አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የጋቢያቸው ጫፍ ሰባተኛ ክፍል ካለው የኋላ ወንበር እግር ጋር ተቋጠረ።

ፊታውራሪ ጠዋት ይገባሉ፣ ደወል ሲደወል ይፈታሉ፣ በማግስቱ ተመልሰው ይታሰራሉ። የመጀመሪያው ቀን ግን ከኋላ መቀመጣቸው አስቆጣቸው። «እኔ ፊታውራሪ ቢተው፣ የማንም ልጅ ከፊቴ ተደርድሮ ጀርባውን ልይ? በማዕረግ ይቀመጡ!» ብለው ጮኹ። በዚያ ክፍል ሰሌዳው እንዲታይ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ነበር የሚቀመጡት። መምህር ልሣነወርቅ በመስኮት ወደሚያየው አያ ድንበሩ ቢመለከቱ፣

«ፊታውራሪ፣ እዚህ ቤት ወደ ፊት የሚያሳልፈው ማነስ ነው፤ ከቻሉ ይለፉ።»

ፊታውራሪ እያጉረመረሙ ከኋላ ተቀመጡ። ትምህርቱ ሲጀመር ተኙ፤ ሲያልቅ ነቁ። ኢንስፔክተሩ እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ ነበር የሚውሉት።

፯

አመለወርቅ ሳትዳር ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰችው አሁን በምነግራችሁ ምክንያት ነው ይባላል። ይቺን ስሰማት ዛሬም ደስ ይለኛል።

ኢንስፔክተሩ ለአገሩ አዲስ፣ ቁጡና ችኩል ሰው ነበር። ማንንም አያውቅም፤ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ገና ከበቅሎው ሳይወርድ ዳኛው ሮጠው፣ «ሽማግሌዎቹ አይረባም ብለው ፈርደዋል» አሉት። እሱም፣ «እኔ የራሴ ዘዴ አለኝ። አንድ ተማሪ ራሴ መርጬ እጠይቃለሁ፤ እሱ ካወቀ ትምህርት ቤቱ ይረባል፤ ካላወቀ ይዘጋል» አለ። ሰባተኛ ክፍል ገባ። ሕዝቡ በመስኮት ተደራርቦ ያያል፤ ወይዘሮ እልፍነሽም መጥተዋል። አመለወርቅ እኔን በመረጠኝ ብላ ከፊት ወንበር አንገቷን አስግጋ ታየዋለች። በዚያ ዘመን ጢም አብቅሎ፣ ሚስት አግብቶ ሰባተኛ ክፍል የሚማር ብርቅ አልነበረም። ኢንስፔክተሩ ክፍሉን በዓይኑ ዞረና ጣቱን ወደ ኋላ ቀሰረ።

«አንተ! ጥግ የተቀመጥከው ጢማሙ! ተነሥ!»

ፊታውራሪ ቢተው ወንበሩን በጋቢያቸው እየጎተቱ ተነሡ። አንተ መባላቸው ፊታቸውን አጠቆረው፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ፊታውራሪ ነኝ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ወዲያው ግን ነገሩ ገባቸው። ባያውቁ ቤቱ የሳቸው ነው። አፋቸውን ገጠሙና ፈገግ አሉ።

«ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?»

«አላውቅም!» አሉ ፊታውራሪ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«የአገራችን ትልቁ ወንዝ ማን ይባላል?»

«አላውቅም!»

«ዝናብ ከየት ይመጣል?»

«ከየትም ይምጣ፤ አላውቅም!»

«ና ሰሌዳው ላይ ስምህን ጻፍ።»

«አልችልም!» አሉና በደስታ ወደ ሕዝቡ ዞረው አዩ። አሽከሮቻቸው በመስኮት አጨበጨቡላቸው። መምህር ልሣነወርቅ «ጌታዬ፣ እሳቸው እኮ...» ብለው ሊናገሩ ቢሞክሩ ኢንስፔክተሩ «ዝም በል! ተማሪህን ልታግዝ ነው?» ብሎ ጮኸባቸው። አመለወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፊታውራሪ ጋጣቸው ትዝ ብሏቸው ከወዲሁ በቅሎዎቹን በልባቸው ይደረድራሉ።

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አነሣ። «በቃኝ! የሽማግሌዎቹ ፍርድ ልክ ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደንቆሮ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ተማሪ ያወጣ ትምህርት ቤት ዛሬውኑ ይዘጋ!» አለ።

አያ ድንበሩ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ቀስ ብሎ፣

«ተሳሳቱ ጌታዬ፤ እሳቸው እኮ ተማሪ አይደሉም፤ ትምህርት ቤቱ አይረባም ብለው የፈረዱት ሽማግሌ ናቸው።»