ጃርት ያዘዘው ጉድጓድ

ተረት ልጀምር፤ እናንተም ከነመሠረቱ ስሙኝ።

መምህሩ ጃርት ክረምት ሳይገባ ተማሪዎቹ ሁሉ መቆፈር እንዲለምዱ ብሎ የጉድጓድ የቤት ሥራ ሰጠ። በማግስቱ ሠላሳ ጉድጓድ አየ፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ያማረ። የሠራቸው ለጠየቀው ሁሉ ባንዳፍታ የሚቆፍረው ምስጥ በሉ እንስሳ አዋልዲጌሳ ነበር።

ጃርት ግራ ገባው። «እንግዲህ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ቆፍሩ» አለ።

ተማሪው ከርከሮ ጫር ጫር አድርጎ ደከመው። «የኔታ፣ እርስዎ ቤትዎን ሲቆፍሩ ከየት ነበር የጀመሩት?»

«እኔማ አዋልዲጌሳ ቆፍሮ የተወው ውስጥ ነው የገባሁት።»

«ታዲያ ማን ሊያርመን ነው?»

ጃርት እሾሁን ሰብስቦ ከከርከሮ ጎን መሬቱን መጫር ጀመረ። ሰማዩ ሲያጉረመርም የሁለቱም ጉድጓድ ገና ከጉልበት አላለፈም ነበር።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ለቆፋሪዎቹ።