የሆራው መንገድ ሲዘጋ

አንድ ጊዜ፣ ስሙኝ ብቻ፣ እስክጨርስ አታቋርጡኝ፣ «ሳሩም የጋራ፣ ምንጩም የጋራ» ብለው የሚኖሩ አህዮች ነበሩ። ያረጀውም ትናንት የተወለደውም እኩል ይበላል። በቃ! ማንንም አልነኩም።

ከጎናቸው ያለው ጫካ ግን የአንበሳ ነው። አንበሳ ይሄን ሲሰማ አበደ። «ነገ እኔ ጫካ ያሉት ፍየሎችም ሳሩ የጋራ ይሁን ቢሉኝስ?» አለና ወደ ሆራው፣ ወደ ጨዋማው ውሃ፣ የሚወስደውን ብቸኛ መንገድ ዘጋው። ጅብን ዘበኛ አድርጎ ገተረው። እንስሳ ሆራ ካጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ጸጉሩ ይረግፋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቦራ የሚባል አህያ ነበረ፤ ውርንጭላው ቆሞ መጥባት አቃተው። ጅቡ ደግሞ አመሻሽ ላይ ሲጮህ ሜዳው በሙሉ ጆሮውን ቀስሮ ይንቀጠቀጣል።

ይሄኔ የአንበሳ መልእክተኛ ቀበሮ አንገቷን ደፍታ መጣች።

«ውይ እማማ ዳልቻ!» አለቻት የቦራን እናት፣ አሮጊቷን አህያ። «የልጅ ልጅሽ አጥንቱ ቀረ እኮ!»

«ሆራ ከልክላችሁት ምን ይሁን?»

«ኧረ ሆራው አይደለም! ይሄ የጋራ የምትሉት ጣጣ ነው ያከሳችሁ። አንበሳ ራሱ አዝኖላችኋል። ሜዳውን ተከፋፈሉና በየአጥራችሁ ግቡ፤ መንገዱ ዛሬውኑ ይከፈታል።»

«እንቀበል!» አለ ቦራ። «ልጄ እየሞተ ነው፣ እማዬ!»

እማማ ዳልቻ ቀበሮን አየቻት። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ እመት ቀበሮ። የጋራው ራሱ የሚገድለን ከሆነ፣ ጌታሽ መንገድ መዝጋት ለምን አስፈለገው? ቁጭ ብሎ ሞታችንን አይጠብቅም ነበር?»

ቀበሮ አፏን ከፈተች፤ ግን ጅቡ መታገስ አቅቶት ለሃጩን እያዝረከረከ ደረሰ።

«እሺ አሉ? አጥሩ መቼ ነው የሚታጠረው?»

«አያ ጅቦ፣ ዝም በል!» አለችው ቀበሮ።

«ምን ዝም እላለሁ፣ ራበኝ! አብረው ሲሆኑ እርግጫቸው አያስጠጋም፤ በየአጥራቸው ሲገቡ አንድ አንዱን ትለቅማለህ ተብዬ አይደል እንዴ እዚህ የተገተርኩት?»

ቦራ ዞሮ ልጁን አየው።

«እማዬ፣ ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ልጁን መሃል አስገባና ተጠጋኝ።»

ውርንጭላውን መሃል አድርገው፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ ሁሉም ወደ ሆራው ተነሱ። ጅቡ ዘሎ ገባ፤ ቦራ በኋላ እግሩ መንጋጋውን ሲለው እየጮኸ ጫካ ገባ። አንበሳው ከሆራው በላይ ካለ ገደል አናት ሆኖ አገሳ። ቆዳቸው ተሸማቀቀ፣ አንዳንዱ ሽንቱ አመለጠው፤ ከመንጋው የወጣ ግን የለም። ሆራው ጋ ሲደርሱ ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ ጫካውን እያየ ይንቀጠቀጣል። አንበሳው አልሄደም፤ እዚያው ቆሞ ያያቸዋል። ውርንጭላው ግን ጠጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ መንገድህን ዘግቶ ያስራበህ ጉልበተኛ ጎረቤት «የራበህ በአኗኗርህ ነው» ሲልህ፣ እየፈራህም ቢሆን ከወገንህ ጋር ሆነህ መንገዱን አስከፍት እንጂ አኗኗርህን አታፍርስለት።