የተሰፋ ቅል ይዛ የምትገባ ሙሽራ

አንባቢ ሆይ፣ ትንሽ ጊዜ ብትሰጡት የማትቆጩበት ታሪክ ይኸውላችሁ። ግራር አፋፍ በሚባለው አገር ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ ሰው ተጋፍቶ የሚያየው ቀሚሷን ወይም በቅሎዋን ሳይሆን ከኋላዋ ተይዞ የሚመጣውን የወተት መግፊያ ቅል ነው። ቅሉ ታዲያ ስንጥቅ ያለበት፣ ስንጥቁም በበሬ ጅማት እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ የተሰፋ መሆን አለበት። አዛውንቶች ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ያሳልፉና «እጇ ይባረክ!» ይላሉ፤ ያልተሰፋ አዲስ ቅል ይዛ የመጣች እንደሆነ ግን የመንደሩ ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ ሲያሾፉባት ይሰነብታሉ። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ የአገሬው ሰው ደረቱን ነፋ አድርጎ የሚጠራው የአንዲት ሴት ስም ነው፤ አንጓች።

እንደሚነገረው በድሮ ዘመን የግራር አፋፍ ልማድ የዛሬው ተገላቢጦሽ ነበር። ሙሽራ ከእናቷ ቤት የምታመጣው ቅል መንገድ ላይ ከተሰነጠቀ ትዳሩም አይሰነብትም ተብሎ ስለሚታመን፣ ልጅቷ ደጃፉን ሳትረግጥ በመጣችበት በቅሎ ትመለስ ነበር፤ እንዲያ የተመለሰችን ደግሞ ዳግመኛ የሚያጫት ስለማይገኝ ዕድሜዋን በአባቷ ቤት ጥግ ትጨርሰው ነበር ይባላል።

አንጓች የኮርቻ ሰፊ ልጅ ነበረች። የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ወስፌውን የምትይዝለትም፣ ጅማቱን የምታጠብቅለትም እሷ ነበረች። ደረሱ ለተባለ የግራር አፋፍ ሰው ታጭታ ሠርጉ በደረሰ ጊዜ ቅሏን የያዘው ሚዜ ገላው ነበር፤ ገላው ደግሞ እልልታ ሲሰማ እግሩ መሬት የማይነካ ሰው ነው። ወንዙን ሲሻገሩ ልጃገረዶቹ እልል ቢሉ ጊዜ ሞቀውና ቅሉን እንደ ጋሻ አንግቦ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ «ዘራፍ!» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ፉከራ አልጨረሰውም፤ አዳልጦት ቅሉን ከሥሩ አድርጎ ወደቀ። ቋ ሲል ሁሉም ሰማ።

«ተጎዳህ እንዴ?» አለችው አንጓች ከበቅሎዋ ላይ ሆና።

«ምነው እኔ በተሰበርኩልሽ!» አለ ገላው፣ ቅሉን አገላብጦ እያየ።

የደረሱ እናት ወይዘሮ ብርቄ ደጃፍ ቆመው ሲጠብቁ ስንጥቁን ከሩቅ አዩት። ፊታቸው ጠቆረ። «በቅሎዋን አዙሯት» አሉ።

«እማዬ፣ የወደቀው ገላው ነው፤ እሷ ምን አደረገች?» አለ ደረሱ።

«እሱንማ ማን ሊያገባው!»

ያን ጊዜ አንጓች ሙሽራ አይናገርም የሚለውን ወግ ጥሳ ሻሿን ገለጥ አደረገች። «እሜቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ደጃፉን አልረግጥም። እዚሁ ግራሩ ሥር ተቀምጬ ልስፋው፤ ከዚያ እርስዎ ራስዎ ይግፉበት። አንዲት ጠብታ ካፈሰሰ በቅሎዋን የማዞራት እኔ ነኝ።»

ሠርገኛው ሳቀ። «ቅል ይሰፋል እንዴ? ቀሚስ መሰላት እኮ!» የሚልም ነበረ። ወይዘሮ ብርቄ ግን ስንጥቁን ቀርበው አዩና «ትስፋ» አሉ።

ለሠርጉ ከታረደው በሬ ጅማት ወሰደች፤ ወስፌውንም ከመቀነቷ አወጣች። መጀመሪያ ላይ ግን ስህተት ሠራች፤ ቅሉን እንደ ቆዳ ቆጥራ ጅማቱን ሳብ ብታደርገው ስንጥቁ ጭራሽ ወደ ሆዱ ሮጠ። «ባሰበት!» አሉ ከኋላዋ። የአባቷ ቤት ጥግ ታያት። ከአባቷ ቤት ጋር ግን አንድ ነገር አብሮ ትዝ አላት፦ አባቷ የኮርቻ ቆዳ ሲተረተርበት ከመስፋቱ በፊት የትርተራው ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳ ነበር። ነገሩ ሲያስቡት ግልጽ ነው። ስንጥቅ የሚሮጠው ጫፉ ስለታም ስለሆነ ነው፤ ያ ጫፍ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ስለቱን ያጣና ይቆማል። አንጓችም ስንጥቁ ያለቀበትን ቦታ በሳችው፤ ቆመላት። ከዚያ ግራና ቀኙን እየበሳች፣ ጅማቱን በውኃ አርሳ አመሳቅላ ሰፋችው፤ እርጥብ ጅማት ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ የስንጥቁን ከንፈሮች ፀሐዩ ራሱ አገጣጠመላት። በመጨረሻም ሰም አቅልጣ መረገችበት።

ወይዘሮ ብርቄ እርጎውን በገዛ እጃቸው ሞልተው ይገፉ ጀመር። ሴቶቹ እየተንበረከኩ ከሥሩ ይዳስሳሉ፤ ደረቅ ነው። ገላው መሬት ላይ ተኝቶ ፊቱን ከቅሉ በታች ደገነ። «ጠብ ካለ እኔ ላይ ይሁን!» ይላል፤ ምንም ጠብ አላለበትም። ቅቤው ወጣ።

ወይዘሮ ብርቄ ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጢስ ያጠቆረው ቅል ከቆጥ አውርደው ይዘው ነበር። አንጓች ጭን ላይ አኖሩት።

«የኔም መንገድ ላይ ነው የተሰነጠቀው። በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ፤ ባሌ እስኪሞት በተዋስኩት ቅል ስገፋ ኖርኩ። ስፊልኝ፣ ልጄ።»

ከዚያ አንዲት አሮጊት ከሠርገኛው መሀል ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ሌላዋም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከየቆጡና ከየጎተራው ሥር የወጣው ስንጥቅ ቅል ግራሩን ከበበው ይባላል። «አንቺም?» «አንቺስ?» እየተባባሉ ሲሳሳቁና ሲላቀሱ፣ አንጓችን ሊመልስ የሚችል ቤት በአገሩ እንደሌለ ሁሉም ገባው። ወይዘሮ ብርቄ እጇን ይዘው ደጃፉን አሻገሯት።

ዛሬ ግራር አፋፍ ገበያ ላይ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር፣ ባልዲና ጀሪካን በቀጭን ሽቦ ተሰፍቶ ታገኛላችሁ፤ ሰፊዎቹን ከማን እንደተማሩ ብትጠይቋቸው ኮራ ብለው «አያታችን አንጓች!» ይሏችኋል። እናንተም ቤታችሁ ሊጣል ጥግ የያዘ ሳፋ አይጠፋም። ምስማር አግሉ፤ ስንጥቁ የቆመበትን ጫፍ ብሱት፤ ግራና ቀኙን በሳስታችሁ በሽቦ ስፉ፤ ስፌቱንም አትደብቁት፣ ሰው ይየው። ተነሱ፣ ዛሬውኑ ሞክሩት!