የታናሹ የልደት ካርድ

አንድ አጥቂ ነበረ።

ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ አንሳና ኪስህ ክተተው፤ ነገሩን እስክጨርስ ማየት አልፈልግም። በየክረምቱ ምልመላ ሲደርስ አንድ አባት ፖስታ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደዚህ ቢሮ ይመጣል። ሌሎቹን በቁጣ ነው ያባረርኳቸው። አንተ ግን የታናሹን ካርድ ለታላቁ አድርገን ሦስት ዓመት ብንቀንስለት፣ «ጋሼ፣ ማንን ይጎዳል?» ብለህ ከልብህ ጠየቅከኝ። እንግዲያው ተቀመጥ፣ ማንን እንደሚጎዳ ልንገርህ።

ይህ አጥቂ የአንድ ልብስ ሰፊ የመጀመሪያ ልጅ ነበር። ዕድሜው አሥራ ስምንት ነው። ብዙ ልጅ ከግብ ጠባቂ ጋር ሲፋጠጥ ይደነግጥና እንዳገኘ ይመታል። እሱ አይቸኩልም፤ ግብ ጠባቂው መጀመሪያ እስኪወድቅ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ነገር አሰልጣኝ አያስተምረውም፣ እኔም ለማንም አስተምሬ አላውቅም።

አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው፣ ሽብሩ የሚባል፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው። ከዚህ ታሪክ የምነግርህ ስም ይህ ብቻ ነው። ሽብሩ ኳስ አይሆንለትም፤ የሚወደው ሒሳብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የወንድሙን ታኬታ በብሩሽ አጥቦ ፀሐይ ላይ ያሰጣለት ነበር፣ ማንም ሳያዘው።

አንድ ትልቅ ክለብ ለታዳጊ ቡድኑ ልጆች ሊመለምል ወደዚያ ከተማ መጣ። የሚፈልገው ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ያሉትን ብቻ ነው። መልማዩ አጥቂውን ሁለት ቀን አየው፤ በሁለተኛው ቀን አባትየውን ጠርቶ ልጁ ድንቅ መሆኑን፣ ዕድሜው ግን ማለፉን ነገረው። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ሊሄድ ሲል መልማዩ ከኋላው ጠራው።

«ታናሽ ወንድም የለውም?» አለው።

ያ መልማይ እኔ ነኝ። እንዲህ አትየኝ፣ ገና አልጨረስኩም።

አባትየው ቤቱ ገብቶ ከሽብሩ የልደት ካርድ ላይ ፎቶውን በምላጭ አነሳና የታላቁን ለጠፈበት፤ የተቆረጠውን የማኅተም ጠርዝም በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀጠለው። በታላቁ ካርድ ላይ ደግሞ የሽብሩን ፎቶ ለጠፈ። ከዚያ ታናሹን ጠርቶ ለአንድ ዓመት ብቻ መሆኑን፣ ወንድሙ ካለፈለት በኋላ ስሙ እንደሚመለስለት አስረዳው። ሽብሩ «እሺ አባባ» አለ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አባቱን ሌላ ምን ይለዋል? ስም እንደ ጃኬት ለአንድ ክረምት የሚዋዋሱት ነገር መስሏቸው ነበር።

ካርዱን ሲያመጡልኝ ሙጫው ገና አልደረቀም። ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩና ካርዱን ፋይል ውስጥ ከተትኩት።

ብዙም ሳይቆይ ክለቡ ዕድሜ የሚያጣራ ሰው ሊልክ ነው የሚል ወሬ መጣ። አጣሪው ትምህርት ቤት ቢሄድ ሌላ ሽብሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያገኛል። ስለዚህ አባትየው ልጁን ለጥቂት ወር ብሎ ከትምህርት ቤት አስወጣው። አጣሪው አልመጣም፤ ጥቂት ወር የተባለውም አላለቀም።

ከከተማው ወጣ ብሎ የድንጋይ ካባ አለ። ድንጋይ የሚፈልጡበት ገደል ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይቀጥሩም፤ ሕጉ እንዲያ ነው፣ የካባው አለቃም ሕጉን ያከብር ነበር። ሽብሩ ሥራ ፈትቶ ቤት መዋሉ ሲሰለቸው ወደዚያ ሄደ። አለቃው ካርዱን አየ፣ የልጁን ቀጭን ክንድ አየ፣ ደግሞ ካርዱን አየ። ካርዱ አሥራ ስምንት ይላል። መዶሻ ሰጠው።

ሁለት ዓመት አለፈ። አጥቂው በታዳጊ ቡድኑ ያላገባው ግብ የለም፤ ወደ ዋናው ቡድን አደገ። የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ተቀይሮ ገብቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አገባ። በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ሰው «በአሥራ ሰባት ዓመቱ!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ልጁ ሃያ ዓመቱ ነበር። ስታዲየሙ ሽብሩ፣ ሽብሩ ይላል። የሰፈራቸው ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቅ ነበር፤ ግን ልጁ ኩራታቸው ነውና ሁሉም አፉን ያዘ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ሽብሩ ራሱ ቅር ያለው አይመስልም ነበር። ካባው ውስጥ በወንድሙ ስም ይጠሩታል፣ አቤት ይላል። እሁድ እሁድ ከእናቱ ጋር ሬዲዮ ሰምቶ ሲያበቃ «እማዬ፣ ዛሬ ሁለት አገባሁ» እያለ ይቀልድ ነበር። እናትየውም ትስቅለት ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናብ ሲጥል ከሰነበተ በኋላ፣ ካባው ተናደ። ሦስት ሰው ከሥር ነበረ። ሁለቱ ተረፉ። ሦስተኛውን ሲያወጡት አለቃው ከኪሱ ካርዱን አውጥቶ ስሙን መዘገበ። የመዘገበው የታላቁን ስም ነው።

ክለቡ አጥቂውን በመኪና ወደ ለቅሶው ሰደደው። ወንድሙ ሞቶበታል ተብሎ ሥራ አስኪያጁ ራሱ አብሮ ሄደ፤ እኔም ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። አጥቂው ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ አባትየው ቀና ብሎ አላየውም።

እናትየው ደረቷን እየደቃች «ሽብሩዬ! ሽብሩ ልጄ!» ብላ ጮኸች።

ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ አጥቂውን አየ። ሽብሩ ማለት ለእሱ አጥቂው ነው፣ አጥቂው ደግሞ በሕይወት አለ። አንዲት ጎረቤት ፈጥና በነጠላዋ የእናትየውን አፍ ሸፈነች። እናትየው ነጠላውን ገፍታ ደግማ ስሙን ጠራች።

አጥቂው ተነሳ። እውነቱን ሊናገር ነው ብዬ አሰብኩ። እመነኝ፣ እንዲናገር ፈለግኩ፣ ደግሞም ለራሴ ፈራሁ። ሄዶ እናቱ ፊት ተንበረከከ። ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ ነበር የራቅኳቸው፤ የተናገረውን ሰምቻለሁ።

«እማዬ፣ የእኔን ስም ጥሪ» አላት። «ሰዎቹ እየሰሙ ነው።»

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የእሱን ስም ጠርታ አለቀሰች። መቃብሩ ላይም የእሱ ስም ተጻፈ። እዚያ ድንኳን ውስጥ እኔም ነበርኩ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሽብሩ የሚባለው ልጅ ከእናቱ ሁለት ጩኸት በቀር አንድ ሰው እንኳ በስሙ ሳያለቅስለት ተቀበረ።

እሁድ አጥቂው ተሰለፈ፣ አገባም። ስታዲየሙ ተነስቶ የሞተውን ልጅ ስም ይጮህ ጀመር። እጁን ሳያነሳ ቆሞ ቀረ። ሰው ሐዘን ነው አለ፤ እውነትም ሐዘን ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ስሙ በተጠራ ቁጥር ዞሮ ከኋላው የሚያይ ሆነ፣ የተጠራው ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ። ወደ ኋላ የሚያይ አጥቂን ኳስ አልፋው ትሄዳለች። ያን ዓመት ሌላ ግብ አላገባም፤ በቀጣዩ ዓመት ክለቡ አሰናበተው። ወደ ቤቱ ሲመለስ የገዛ ስሙ ሊመለስለት አልቻለም፤ መቃብር ላይ ተጽፏል። እናቱ እስካሁን በስም አትጠራውም፤ ምግብ ሲቀርብ «ና ብላ» ትለዋለች፣ በቃ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ዛሬ ልብስ ሰፊው አንተ ነህ። መልማዩ ያው እኔ ነኝ፣ ፀጉሬ ሸበተ እንጂ። ማንን ይጎዳል አልከኝ። ከታላቁ ልጅህ ላይ የምታነሳው ሦስት ዓመት እዚህ ሜዳ ላይ ወድቆ የሚቀር መስሎሃል። አይቀርም። ተመልሶ ቤትህ ይገባና የሚሸከመው ሰው ይፈልጋል፤ የሚሸከመውም «እሺ አባባ» ከማለት ሌላ ቃል የሌለው ልጅ ነው። በአንተ ቤት ካባው ምን እንደሚሆን አላውቅም። ልብስ ሰፊውም አላወቀም ነበር።

ታላቁን እሁድ ከነዕድሜው አምጣውና አየዋለሁ፤ ላልመርጠው እችላለሁ፣ ከአሁኑ ልንገርህ። አሁን ግን ቤትህ ሂድና ካርዱን ለታናሹ ስጠው። ስትሰጠው ስሙን ጥራና ስጠው፤ አቤት ሲልህ ስማው።