ቀይ ክር የሌለው ጫማ

«በዚህ ደጅ ጫማ የሚሰርቅ አለ!»

እትዬ ዘርፌ ይህን ሳይናገሩ የዋሉበት ሰንበት የለም። ቅዳሴው አልቆ ሰው ጫማውን ሊፈልግ ጎንበስ ሲል፣ እሳቸው ነጠላቸውን እያጣፉ ይጀምራሉ። «ጫማ ታቅፎ ወደ ደወል ቤቱ ጀርባ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» ማን? አይሉም። ስም ከተጠራማ ምስክር ይጠየቃላ!

ስም ባይጠሩም የሰው ዓይን ሄዶ የሚያርፈው ጋሽ ወንድይፍራው ላይ ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው የደጁ ዘበኛ ናቸው። እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ሕዝቡ ሲያስቀድስ ጫማውን የሚጠብቁ ዝምተኛ ሽማግሌ። ሐሜቱን እየሰሙ የሰዉን ጫማ በረድፍ ያሰልፋሉ።

ከሚሰሙት መካከል አንዲት ሴት ነበረች። ስኳር በሽታ ከያዛት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በሽታው የእግሯን ነርቭ ጎድቶባት ጠጠር ቢወጋት አታውቅም፤ ጠጠር በሌለበት ደግሞ ረመጥ የረገጠች ያህል ያቃጥላታል። አንድ እግር ደንዝዞም ይነዳል እንዴ? ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። እሷም ይህንኑ ሐኪሟን ስትጠይቅ ነው የኖረችው።

ጫማ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያልገባችበት ሱቅ የለም። የቆዳው ይቆረጥማታል። የፕላስቲኩ ያነድዳታል። የባሏን ሰፊ ጫማ አድርጋ ብትወጣ ሰፈሩ ሳቀባት። አንድ ጫማ ሠሪ እግሯን አይቶ፣ ጫማውን አይቶ፣ «እትዬ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ጫማ አይደለም፤ ደመና ነው» አላት።

«እንግዲያው ሰማይ ውጣና ቁረጥልኝ!» አለችው።

በመጨረሻ ጥቁር ሸራ ጫማ ገዛች። እሱም ያማል፤ ግን ከሌላው ይሻላል። እንዲህ ያለ ጫማ የሌለው ሰው ስለሌለ እንዳይለዋወጥባት ብላ በውስጥ ሶሉ ተረከዝ ላይ ቀይ ክር ሰፋችበት። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ድንጋይ አለ። እዚያ ሳትቀመጥ፣ እግሯን በእጇ ሳትይዝ አልፋ አታውቅም።

አንድ ሰንበት አስቀድሳ ወጣች፤ ጫማዋን ካስቀመጠችበት አንሥታ አደረገች፤ ከጎረቤት ጋር እያወራች ሄደች። ደጇ ስትደርስ ቆም አለች።

ድንጋዩስ? አልተቀመጠችም!

ገብታ ጫማውን አወለቀች። ሸራው ያው ጥቁር ሸራ ነው። ውስጡ ግን! ደረቁ ሶል የለም፤ በቦታው የበግ ፀጉር ባና ተነጥፏል። በትንሿ ጣት በኩል ስፌቱ ተፈትቶ ለስላሳ ቆዳ ተጥፎበታል። ቀይ ክሯን ፈለገች። የለም።

«የኔ አይደለም» አለች። ቀጥላም ሄዳ በሩን ዘጋች። «ለካ የእትዬ ዘርፌ ሌባ እኔው ነኝ!»

ጫማውን ግን ከእጇ አላስቀመጠችም። ታገላብጠዋለች። ማነው ይህን ያበጀው? የት ላይ እንደሚያም እንዴት አወቀ? «ይህ ሰው እግሩ እንደኔ ይነዳል» አለች። «ታዲያ ዛሬ የኔን ጫማ አድርጎ ቤቱ እንዴት ደረሰ?»

እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተ ብትሆኑስ? «እግዚአብሔር ሰጠኝ» አትሉም ነበር? አትሳቁ። ባለቤቱ ያልመጣበትን ዕቃ ሁሉ ከሰማይ እንደወረደ መቁጠር እናውቅበታለን።

እሷ ግን በሚቀጥለው ሰንበት የፕላስቲክ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ያን ጫማ በፌስታል ይዛ፣ እየነደደች መጣች። ደጁ ላይ ተቀምጣ የሰው እግር ማየት ጀመረች። ስንት ነገር አየች መሰላችሁ! ዲያቆኑ በአንድ እግሩ ብቻ ይቆማል። አንዲት ሽቅርቅር ሙሽራ ጥጉን ይዛ ተረከዟን ታሻለች። ሰው ፊቱን ቢያስተካክልም እግሩ ያሳብቅበታል።

«ይህ ጫማ የማነው?» ትላለች። የኔ ነው የሚል የለም።

እትዬ ዘርፌ ደረሱ። «አላልኳችሁም? ሌባው ደንግጦ ጥሎት ነው!»

«እትዬ ዘርፌ፣ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሌባ ከፈለጉ ይኸው፤ ጣትዎን ወደዚህ ያዙሩ» አለቻቸው።

እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን እንደገና አጣፉ። ጣታቸው ግን ከነጠላው ሥር አልወጣም።

ጋሽ ወንድይፍራውን ልጠይቅ ብላ ብትዞር ቦታቸው ባዶ ነው። በዚያው ሳምንት ቁልፉን ለደብሩ አለቃ አስረክበው፣ «በስተርጅና በሌባ ስም አልጠራም» ብለው ወደ ትውልድ አገራቸው ሄደዋል።

ሦስት ሰንበት ጠበቀች። ባለቤት ሲጠፋ፣ ጫማው እንዴት እንደተሠራ በዓይኗ አጥንታ፣ ከራሷ ባና ቆርጣ፣ ለራሷ አንድ አበጀች። ያንን ግን እንደሷ እግሩ ለሚነደው አንድ መንገደኛ ሰጠችው። «በረከቱ ለሠራው ይድረስ» ብላ።

እናንተስ? ጎረቤታችሁ አንድ ነገር ታቅፎ በጓሮ ሲያልፍ ስታዩ፣ «ወዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ እንደ እትዬ ዘርፌ ግማሹን አይታችሁ ሙሉውን ተናገራችሁ? ያያችሁት እውነት ነው፤ ሰውየው ጫማ ይዞ ሄዷል። ይዞ ሲመለስ ማን አየው? ለማየት የቆየ ማን አለ? ይህች ሴት የሰው ሕመም ለማየት ጠጠር ላይ ተቀመጠች። እኛ ለመፍረድ ቆመን እንኳ አንጠብቅም።

ልነግራችሁ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ጋሽ ወንድይፍራው በዐቢይ ጾም አረፉ። አርባቸው ከወጣ በኋላ አዲሱ ዘበኛ ከደወል ቤቱ ጀርባ የነበረውን ሣጥን ሲያጸዳ አንድ ወስፌ፣ ቁራጭ ባና፣ ከሥሩም ከጫማ የተነቀሉ ሁለት ደረቅ ሶሎች አገኘ። «የጫማ ባለቤት ስትፈልጊ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?» ብሎ ለሴትየዋ ሰጣት።

ወደ ብርሃኑ አዞረቻቸው። ተረከዛቸው ላይ ቀይ ክር ነበር።