ዳልቻ ክትባቷን ያለ ጨው አልበላም አለች

ተረት ተረት ስላችሁ «የፍየል በረት» በሉኝ።

አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያለቻት ፍየል አንድ ለእናቱ ናት፤ ስሟ ዳልቻ። የልጅ ልጇ የሚያድገው በዳልቻ ወተት ነው። ከወንዙ ማዶ በሽታ ገብቶ ፍየሉን ሁሉ ፈጀው ሲባል አንጓች እህል አልወርድላት አለ። የከብት ሐኪሟ መጣችና እፍኝ ቅጠል ሰጠቻት። «ክትባቱ ከቅጠሉ ጋር አብሮ በውስጡ የበቀለ ነው፤ መርፌ አያሻም። ብቻ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሳይጠወልግ ትብላው» አለቻት።

ጉድ በሉ! ቅርጫት የበላች፣ የሰው ነጠላ የበላች ዳልቻ ቅጠሉን አሽትታ ፊቷን አዞረች። «ያለ ጨው አልበላም» አለች።

አንጓች ቅጠሉን በመዳፏ ጨብጣ ጎረቤቷ ሽታዬ ዘንድ ሮጠች። «ጨው ስጪኝ፤ ጨው ካላገኘች ዳልቻ ቅጠል አትበላም፤ ቅጠል ካልበላች በሽታው አይምራትም።» ሽታዬ ግን የድንጋይ ወፍጮዬ ልሙጥ ሆኖ አልፈጭ ብሏል፣ መጀመሪያ አስወቅሪልኝ አለቻት።

ወቃሪው አያ ሞላልኝ ዘንድ ሮጠች። «ወፍጮ ውቀርልኝ፤ ወፍጮ ካልተወቀረ ሽታዬ ጨው አትሰጠኝም፤ ጨው ካላገኘች ዳልቻ ቅጠል አትበላም፤ ቅጠል ካልበላች በሽታው አይምራትም።» እሱም መውቀሪያዬ ዶልዱሟል፣ ቀጥቃጩ ይሳለው አላት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች።

ብረት ቀጥቃጩ አያ ደምለው ዘንድ ስትደርስ ላቧ እስከ ጣቶቿ ወርዷል። «መውቀሪያ ሳልልኝ፤ መውቀሪያ ካልተሳለ ወፍጮ አይወቀርም፤ ወፍጮ ካልተወቀረ ሽታዬ ጨው አትሰጠኝም፤ ጨው ካላገኘች ዳልቻ ቅጠል አትበላም፤ ቅጠል ካልበላች በሽታው አይምራትም።» ደምለው የተቀደደ ወናፉን አሳያት። እሳቱን የማነድበት የለኝም አለ።

«የፍየል ቆዳ ካመጣሽልኝ እጠግነዋለሁ።»

አንጓች ያለቻት ፍየል አንድ፣ ቆዳዋም ከላይዋ ነው። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ከዳልቻ አንገት ላይ ደረሰ።

ፈርታ፣ ተስፋ ቆርጣ ተመለሰች። ፀሐይዋ ጋራውን ነክታለች። ከፍየሏ አጠገብ ቁጭ ብላ መዳፏን ፈታች።

«እንግዲህ ልጁን ምን ላጠጣው ነው?» አለቻት።

ዳልቻ አንገቷን ሰገግ አድርጋ የአንጓችን መዳፍ ላሰች። የዚያ ሁሉ ሩጫ ላብ ከቅጠሉ ላይ አለ፤ ጨው ጨው ይላል። ደግማ ላሰች። ከዚያ ቅጠሉን ከነዘንጉ ቆረጣጥማ ዋጠችው።

ወናፉ እንደተቀደደ ቀረ፤ መውቀሪያው እንደዶለዶመ ቀረ፤ ወፍጮው ልሙጥ እንደሆነ ቀረ፤ ሽታዬም ጨውዋን እንዳቀፈች ቀረች። በሽታው ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ዳልቻ ግን ከነቆዳዋ አለች፤ ልጁም ወተቱን ይጠጣል።

ተረቴን መልሱ፣ ፍየላችሁንም ጨው አልሱ።